ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር

ማክሰኞ ጠዋት ቤቴል እንደ ወትሮዋ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ የትናንቱን ዳቦ በሻይ በላች፤ የዝናብ ሱሪዋን በሥራ ሱሪዋ ላይ ደረበች። ባሏ ወንዳፍራሽ ከአልጋ ሳይወርድ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

«ኦቦ ኢቲቻ ጋ፣ ከሱሉልታ ወዲያ። ማታ ሲደውሉ ሰምተህ የለ? ላማቸው ጉራቲ ኮርማ ፈልጋለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤት።»

ቤቴል የከብት አዳቃይ ባለሙያ ነበረች። ላም ኮርማ ከፈለገች ጊዜ አትሰጥም፤ ሰዓቱ ካለፈ ገበሬው ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቡራዩ በጠዋት እየተነሣች፣ አንድ ቀን ወደ መናገሻ፣ አንድ ቀን ወደ ሰበታ፣ አንድ ቀን ወደ ሱሉልታ በሞተር ሳይክል ስትመላለስ ኖራለች። የኮርማ ዘር የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ዕቃዋን ከኋላ ወንበር ላይ በጎማ ገመድ አሰረች። ከደረት ኪሷ ትንሽ ደብተር አውጥታ የጉዞ ቆጣሪውን አየችና «ማክሰኞ፣ 96» ብላ ጻፈች። ሞተሩን አስነሥታ እስኪሞቅ ሁለት ደቂቃ ቆመች። ልክ በአንድ ሰዓት የግቢውን በር ከፍታ ወጣች።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሞታ ተገኘች።

*

የሞተችበት ቦታ ከሱሉልታ ከተማ ወደ ገጠር የሚገባው የጭቃ መንገድ ነው። መንገዱ አንድ ታጠፊያ ላይ በግራው ገደል ይዞ ይሄዳል፤ ከገደሉ ሥር ድንጋያማ ወንዝ አለ። ኢንስፔክተር ማሪቱ ከወንጀል ምርመራ ተልካ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቶ ነበር። ማሪቱ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አጭር ናት፤ በግራ እጇ የሚሰፋት የወንድ ሰዓት ታስራለች። ሰላምታ ሰጥታ፣ ማንንም ከማነጋገሯ በፊት ሞተሩን ዞረችው።

ሞተሩ አልወደቀም። በመንገዱ ጥግ በጎን መቆሚያው ቆሟል። ሄልሜቱ መስተዋቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የታንከሩን ክዳን ከፍታ በባትሪ ወደ ውስጥ አየች፤ ደረቅ ነው። ከታንከሩ ሥር ያለው የነዳጅ መክፈቻ ወደ ሪዘርቭ ዞሯል። የጉዞ ቆጣሪው 139 ይላል። ከፊት ጎማው አጠገብ ሁለት ሊትር ቤንዚን የሞላ ሃይላንድ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ተቀምጧል።

«ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር» አላት የሱሉልታው ሳጅን አክመል። «የእንስሳት ሐኪሙን ኢፋን ሬሳው አጠገብ፣ እጁ ደም ነክቶት ነው ገበሬዎች የያዙት። ሲጠየቅ በአጋጣሚ ሳልፍ ነው አለ። ስልኳ ግን ሌላ ይናገራል። ከሦስት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ መጀመሪያ ባሏ ጋ፣ ቀጥሎ ቡራዩ ያለው መካኒኳ ጆኒ ጋ፣ በመጨረሻ ኢፋ ጋ ደውላለች። ከተማው ስለሁለቱ ሲያወራ ነው የከረመው። ተገናኙ፣ ተጣሉ፣ ገፋት።»

«ሊገድላት የመጣ ሰው ቤንዚን ይዞላት ይመጣል?»

«ሳያስቡት ሊጣሉ ይችላሉ።»

«ይችላሉ። ታንከሩስ ለምን ደረቀ?»

«ነዳጅ ያልቃል እኮ።»

«ያልቃል» አለች ማሪቱ፣ ከሟቿ ኪስ የተገኘውን ደብተር እያገላበጠች። «ይቺ ልጅ ግን ነዳጅ የሚያልቅባት ዓይነት አይደለችም። እየው። ቅዳሜ ማደያ ሁለት ሰዓት ተሰልፋ አሥራ ሁለት ሊትር ሞልታለች፤ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጋለች። ከዚያ ወዲህ የነዳችው መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። አንተ ሞተር ትነዳለህ። አሥራ ሁለት ሊትር መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል?»

አክመል ወደ ሞተሩ አየ።

«ሐሙስ ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ» አለ። «እስከዚያ ሌላ ሰው ካላመጡልኝ ግን ለእኔ ኢፋ ነው። የሷም ስም ከሱ ጋር ይነሣል፤ ምን ይደረግ።»

*

ኢፋ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷቸው ነበር። ታጥቧቸዋል፤ ግን የራሱ እጆች እንዳልሆኑ ሁሉ ያያቸዋል።

«ለምን ዋሸህ?» አለችው ማሪቱ።

«በሚስቴ ምክንያት። ከቤቴል ጋር ታየህ በተባልኩ ቁጥር ገለቴ ሦስት ቀን አታናግረኝም። ቤቴል ደወለችና ‹ኢፋ፣ ነዳጅ አልቆብኝ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ፣ ትንሽ ይዘህልኝ ና› አለችኝ። ከራሴ ሞተር ቀድቼ ሄድኩ። ስደርስ ሞተሩ ብቻውን ቆሟል። ጠራኋት። ከዚያ ቁልቁል አየሁ።»

«ያንተ ሞተር ከሷ ጋር አንድ ዓይነት ነው?»

«አንድ ነው። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ቀን ነው የሰጠን።»

«በሊትር ስንት ይሄድልሃል?»

ኢፋ ጥያቄው ግር አለው። «በየት መንገድ?» አለ።

ማሪቱ መልሱን ጻፈችው።

ሚስቱ ገለቴ ከተማው መሃል ወተት ቤት አላት። ኢንስፔክተሯን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፤ ራሷ ግን ቆማ ቀረች።

«ነፍስ ይማር እላለሁ። ከዚያ በላይ ምን ልበል አዴ?»

«ትጠያት ነበር?»

«ቀናሁባት። ሞተር ላይ ስትቀመጥ አይተዋት አያውቁም። እኔ እዚህ ጣሳ ሳጥብ እሷ እየነዳች ታልፋለች። ባሌ የሰው ስም ሲጠራ ድምፁ አንድ ነው፤ የሷን ሲጠራ ግን ዝቅ ይላል። ሚስት ይህን አትሰማም?»

«ስለፈራሽ ዝቅ አድርጎት ይሆናል።»

ገለቴ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ፊቷን አዞረች።

«ማክሰኞ ረፋድ የት ነበርሽ?»

«የት እሆናለሁ? እዚሁ።»

ማሪቱ ከበሩ ኋላ የቆመውን የገለቴን ቦት ጫማ አየች። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ቀይ ጭቃ ደርቆበታል። ከወተት ቤቱ ደጅ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው። ምንም ሳትናገር ወጣች።

*

ቤቴል ረቡዕ ተቀበረች። ከሰዓት በኋላ ማሪቱ ቡራዩ ሄዳ ድንኳን ውስጥ በለቀስተኞች መካከል ተቀመጠች። ወንዳፍራሽ አየቻትና ወደ ቤት ይዟት ገባ። የአንድ ማኅበር መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ልብሱ ንጹሕ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ነው። ቡፌው ውስጥ ከሠርግ ፎቶው ጎን፣ በላስቲክ የተሸፈነ የሞተር ሳይክል ሥዕል ያለበት ወረቀት ቆሟል። በሊትር 50 ኪሎ ሜትር የሚለው መስመር ሥር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

«ይሄ ወረቀት?»

«ሞተሩ ሲመጣ አብሮ የተሰጠ ነው። እርስዎም ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ ለምርመራው ይጠቅማል።» ወረቀቱን አወጣው። «አሥራ ሁለት ሊትር፣ በሊትር ሃምሳ። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር። እሷ ግን ሁልጊዜ ሦስት መቶ ዘጠና ላይ ስትደርስ ትሞላለች። ሁለት መቶ አሥሩ የት ይገባል?»

«ቆጣሪው ሦስት መቶ ዘጠና ካለ፣ የሄደችው ሦስት መቶ ዘጠና ነዋ።»

«የቆጣሪው ኬብል በእጅ ይነቀላል። ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ነቅላ ትሄዳለች፣ መልሳ ትሰካለች።»

«ሲነቀል አይተዋል?»

«ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ለማየት ዓይን አያስፈልግም ኢንስፔክተር። ከቡራዩ ሱሉልታ ስንት ጊዜ እንደሚያደርስ ይቁጠሩት።»

«እሷን ጠይቀዋት ነበር?»

«በየጊዜው። ትስቃለች።»

«ማክሰኞ ደውላልዎታለች።»

«ነዳጅ አለቀብኝ አለች። እኔ ሰበታ ለቅሶ ነበርኩ። የአክስቴ ባል ቅዳሜ ተቀብሮ፣ ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ድንኳናቸው ውስጥ ነው የዋልኩት። ምን ላድርግላት? ‹ሰው ጥሪ› አልኳት። ማንን እንደጠራች አይተዋል።»

«ከመቆሟ በፊት ወዴት የሄደች ይመስልዎታል?»

«ስሙን አስገድደው አያናግሩኝ። ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ሳትነዳ አትቆምም። ኢቲቻ ጋ ደርሶ መልስ ሰባ ሁለት ነው። መንገድ ላይ ከቀረች የሆነ ቦታ ደርሳለች ማለት ነው።» ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰና ቀና አደረገው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንባው የውሸት አልነበረም። «እርስዎ ሰው ሲዘገይብዎት ሰዓት ቆጥረው ያውቃሉ?»

ማሪቱ የተንሸራተተውን ሰዓቷን ወደ ክንዷ ገፋ አደረገች።

«አውቃለሁ» አለች። ከዚያ የማስታወሻዋን ገጽ ገለጠች።

*

የጆኒ ጋራዥ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጆኒ የተፈታ ጎማ ላይ ተቀምጦ ምንም አይሠራም ነበር።

«እኔን ልትይዢኝ ነው እትዬ? ያዢኝ፤ ሥራ እንደሆነ ዛሬ አላማረኝም።»

«ሰኞ ሞተሩ አንተ ጋ ነበር።»

«ዘይት ቀየርኩላት፣ ሰንሰለት አጠበቅሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወሰደችው። ታንከሩን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ከግማሽ በላይ ነው። እንዲያውም ‹የቡራዩ ሕዝብ ማደያ ከሚሰለፍ አንቺ ጋ ቢሰለፍ ይሻለዋል› ብዬ ቀልጄባታለሁ።»

«ከወንዳፍራሽ በፊት ለትዳር ጠይቀሃት ነበር ይባላል።»

«ቡራዩ ወሬ አይደበቅም አቦ። ጠይቄያታለሁ። ‹ጆኒዬ፣ አንተ ሞተሬን ጠግንልኝ› አለችኝ። ሰባት ዓመት ጠገንኩ።»

«አትቀናም?»

«በየቀኑ ነዋ። ባሏ በዚህ ሲያልፍ መፍቻ ከእጄ ይወድቃል። ቅናት እኮ ሁሉም ሰው አለው እትዬ፤ ውጠሽው ወደ ሥራ ነው።»

«ስልክ ላይ ምን አለችህ?»

ጆኒ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁ ከእጁ ይበልጥ ቆሽሿል። «ድንገት ቆመብኝ አለች። ሪዘርቩን አዙሪው አልኳት። ‹ላዞረው ብል ቀድሞ ዞሯል› አለችኝ። ይሄ ልክ አይደለም። ታንከሩ ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል ሲቀር ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ያኔ መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ አዙረሽ ማደያ ትፈልጊያለሽ። ማስጠንቀቂያ ነው። ቀድሞ ከዞረ ማስጠንቀቂያ የለም፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይሄድና ጸጥ ይላል። እኔ ኦን ላይ አድርጌ ነው የሰጠኋት። እሷ ደግሞ ካልቸገራት አትነካውም።»

«የነዳጅ ሌባ ይሆን?»

«ሌባ ከላይ በክዳኑ ቱቦ ከትቶ ይስባል፤ መክፈቻው ምን ይሠራለታል? መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ የሚያዞር ከታች፣ በካርቡራተሩ ቱቦ በኩል እስከ ጥግ የሚያንጠፈጥፍ ሰው ነው።»

«ሞተሯ በሊትር ስንት ይሄዳል?»

«በየት መንገድ?»

ማሪቱ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ወረቀቱ ሃምሳ ይላል።»

«ወረቀቱማ ሜዳ ላይ፣ ያለ ዕቃ፣ በአርባ ለሚነዳ ቀጭን ሰው ነው የተጻፈው። እዚህ ጠዋት ብርድ ነው፣ ቾክ ስበሽ፣ ቤንዚን አብዝተሽ ታሞቂያለሽ። ከአዲሱ ገበያ ወዲያ ዳገቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው። ላይ ስትደርሺ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን አይቀንስም፣ ሳይነድ ያልፋል። ከኋላ ያ ከባድ ዕቃዋ አለ። ከዚያ ጭቃ። ሰበታ አስፋልት ላይ ሠላሳ ስምንት የምታገኝ ሞተር ሱሉልታ ሃያ ዘጠኝ ካገኘች ጎበዝ ናት።»

ማሪቱ የቤቴልን ደብተር ገለጠች። በሱሉልታ ቀናት አንጻር፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ስምንት ተኩል፣ ሃያ ዘጠኝ ተብሎ ተጽፏል።

«ጆኒ፣ ነገ ጠዋት ሞተር ትነዳልኛለህ?» አለችው።

ከጋራዡ ወጥታ ሰበታ ደወለች፤ የአክስትየውን ባል እድር ዳኛ አገኘቻቸው። ቀጥላ ለአክመል ደወለች።

*

ሐሙስ ጠዋት ወንዳፍራሽን የያዘው የፖሊስ መኪና ከቡራዩ ከወጣ በኋላ፣ ከቤቴል ግቢ በር ፊት የኢፋ ሞተር ታንከር እስከ ጥግ ተንጠፈጠፈ። አንድ ፖሊስ እያየ አንድ ሊትር ተኩል ቤንዚን በመስፈሪያ ተመልሶ ተጨመረበት፤ መክፈቻው ሪዘርቭ ላይ ተደረገ። የናይትሮጅን ዕቃው ከኋላ ታሰረ። ጆኒ ልክ በአንድ ሰዓት ተነሣ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዎቹ ሁሉ ቤቴል በሞተችበት ታጠፊያ ቆመው ነበር። ወንዳፍራሽ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ የቢሮ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆሟል። ኢፋ እጁ በካቴና ታስሮ ከአክመል ጎን ነው። ገለቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ብቻዋን ቆማለች። ኦቦ ኢቲቻ ከበረታቸው በእግር መጥተው በትራቸውን ተደግፈዋል።

«አካም ቡልተኒ ኦቦ ኢቲቻ» ብላ ማሪቱ እንዴት እንዳደሩ ጠየቀቻቸው። «ማክሰኞ ቤቴል አንቱ ጋ ስንት ሰዓት ደረሰች?»

«ሁለት ሰዓት ከሃያ። ብቻዋን። ጉራቲን ሠራችልኝ፣ አንድ ኩባያ ወተት ጠጣች፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሄደች። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስትሄድ ሁልጊዜ እጇን ታወዛውዝ ነበር።»

«ከዚያ ወዲያ ሌላ የት ልትሄድ ትችላለች?»

«ከእኔ በረት ወዲያ መንገድ የለም፤ ጫካ ነው።»

ወንዳፍራሽ «ከዚያ በፊትስ?» አለ።

ይህን ሲል ከላይ የሞተር ድምፅ ይሰማ ጀመር።

ጆኒ ዝግ ብሎ መጣ። ታጠፊያው ላይ ደረሰ። ሳያያቸው አለፋቸው። የወንዳፍራሽ ትከሻ ላላ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሞተሩ ግን ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄደ ድምፁ ተቆረጠ። ጆኒ እግሩን አወረደ። ረግጦ ሊያስነሣ ሞከረ፤ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ሄልሜቱን አውልቆ መስተዋቱ ላይ ሰቀለው።

«ቆጣሪው?» ብላ ማሪቱ በስልክ ጠየቀች። ድምጿን ከፍ አድርጋ መልሱን ደገመችው። «አርባ ሦስት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ።»

ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ቤቴል ማክሰኞ ጠዋት ስትነሣ ቆጣሪዋ ዘጠና ስድስት ላይ ነበር፤ በእጇ ጽፋዋለች። የቆመችው መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ነው። ልዩነቱ አርባ ሦስት ነው። ከቤቷ እስከ ኦቦ ኢቲቻ በረት ሠላሳ ስድስት፣ ከበረቱ እስከዚህ ሰባት። አርባ ሦስት። ቆጣሪው አልዋሸም፣ ኬብሉም አልተነቀለም። የትም አልሄደችም።»

ገለቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ሰኞ ማታ ታንከሯ ውስጥ ወደ ዘጠኝ ሊትር ነበር። አርባ ሦስት ለሃያ ዘጠኝ ሲካፈል፣ ማክሰኞ ጠዋት የቀረላት ሊትር ተኩል ነው። ሌሊት አንድ ሰው በታች በኩል አንጠፍጥፎታል፤ እስከ ጥግ እንዲወጣለት መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ አዙሯል፣ አዙሮም ትቶታል። ሌባ ቢሆን ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ይሄ ሰው ግን ሰፍሮ መልሶ ጨምሯል። ለምን? የሚለካ ሰው የሚያውቀው ርቀት አለው። ስለዚህ የጠየቅሁት ማን ይጠላት ነበር ብዬ አይደለም። ሊትር ተኩል ለማን በቂ ይመስለዋል ብዬ ነው።»

«ለጆኒ?» አለ አክመል። «ሞተሩ እሱ ጋ ነበር።»

«ጆኒን በሊትር ስንት ይሄዳል ብዬ ጠየቅሁት። ‹በየት መንገድ› አለኝ። ኢፋንም ጠየቅሁት፤ እሱም ‹በየት መንገድ› አለኝ። ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ መልሱ ይሄ ነው። ሊትር ተኩል ይዛ ከቡራዩ እዚህ ደርሳ እንደማትመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። ገለቴ ደግሞ የዚያ ግቢ ቁልፍ የላትም። መንገድ የሌለው ሒሳብ የሰማሁት ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ሊትር ተኩል በሃምሳ ሲባዛ ሰባ አምስት ነው። ኦቦ ኢቲቻ ጋ ደርሶ መልስ ሰባ ሁለት። ሦስት ኪሎ ሜትር ይተርፋል። እንዳለችው ሄዳ ቀጥታ ከተመለሰች ነዳጁ ይበቃታል፤ ሌላ ቦታ ከሄደች መንገድ ላይ ትቀራለች። ፈተና ነበር።» ወደ ወንዳፍራሽ አየች። «አቶ ወንዳፍራሽ፣ ትናንት ‹ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ሳትነዳ አትቆምም› አሉኝ። ቅዳሜ ሙሉ የተቀዳ ሞተር ሰባ አምስት ላይ ይቆማል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ውስጡ ስንት እንደቀረ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

ወንዳፍራሽ «እኔ ሰበታ ነበርኩ» አለ።

«ድንኳኑ ሰኞ ከሣልስት በኋላ ፈርሷል። የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ናቸው ያፈረሱት። ማክሰኞ የተቀመጡበት ድንኳን አልነበረም።»

ማሪቱ ከዚህ በኋላ ወደ ገለቴ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች።

«ገለቴ፣ የቦትሽ ጭቃ ከዚህ መንገድ ነው። ባልሽ ከታሰረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

ገለቴ መጀመሪያ ባሏን አየችው። ኢፋ መሬት መሬቱን ያያል።

«ተከተልኩት» አለች። «ሃይላንድ ይዞ ሲወጣ አየሁትና ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ተከተልኩት። ልይዛቸው። ባጃጁ ጭቃው ላይ እምቢ አለ፤ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ሰው ከላይ፣ ከመንገዱ ወጥቶ በቁጥቋጦው ውስጥ እየሮጠ ቁልቁል መጣ። የቢሮ ጫማ አድርጓል፤ ጭቃ ውጦታል። ይሄ ሰውዬ ነው። አላየኝም፤ ያለቅስ ነበር። እኔም ደንግጬ ተመለስኩ። ብናገር ባሌን ስከተል እንደነበር ያውቃል ብዬ አፈርኩ። በሷ ቀንቼ፣ በባሌ ቀንቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አሳሰርኩት።»

ወንዳፍራሽ ከድንጋዩ ወረደ። ጫማው ጭቃ ውስጥ ገባ፤ አላየውም።

«አልዋሸችም ነው የምትሉኝ?» አለ።

«አርባ ሦስት ኪሎ ሜትር» አለች ማሪቱ።

«ከሱሉልታ ጫፍ ቆሜ ጠበቅኋት። ነዳጁ ከበቃት በፊቴ ታልፋለች፣ እኔም ወደ ቤቴ እገባለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልጠይቃትም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ደውላ ቆሜያለሁ ስትለኝ አለቀ አልኩ። ባጃጅ ይዤ እስከ ጭቃው፣ ከዚያ በእግሬ መጣሁ። ሒሳቡን ነገርኳት። ሰፍሬ እንዳስቀረሁት ነገርኳት። ‹ወንዴ፣ ወረቀቱ እኮ ዳገት አያውቅም› ብላ ሳቀች። ገደሉ ከኋላዋ ነበር። ስትስቅ ነው የገፋኋት።»

ኦቦ ኢቲቻ በትራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩ። አክመል የኢፋን ካቴና ፈታና ይዞት ወደ ወንዳፍራሽ ሄደ።

«የጎደለ ኪሎ ሜትር አልነበረም» አለች ማሪቱ። «ሁለት መቶ አሥሩን በልተውት የኖሩት ዳገቱ፣ ብርዱና ጭቃው ናቸው። ደብተሯ ላይ አለ። አንድ ቀን አብረዋት ቢቀመጡና ቢጠይቋት ኖሮ ታሳይዎት ነበር።»

«ትስቃለች» አለ ወንዳፍራሽ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

*

ሰባት ሊትር ተኩል ቤንዚን ያለበት ጀሪካን ከቡራዩው ቤት ዕቃ ቤት፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ተገኘ። ወንዳፍራሽ ለምን እንዳልደፋው ሲጠየቅ፣ በዚህ ወረፋ ቤንዚን ይደፋል እንዴ ብሎ መለሰ። ጀሪካኑም ቀይ መስመር ያለበት ወረቀትም በኤግዚቢትነት ተመዘገቡ።

ኢፋ ወደ ሥራው ተመለሰ። ገለቴ ከዚያ ወዲህ ሲወጣ አትከተለውም፤ እሱም ወዴት እንደሚሄድ ሳትጠይቀው ይነግራታል። ሁለቱም የቤቴልን ስም አይጠሩም። ጆኒ ደብተሩን ከምርመራው በኋላ እንዲሰጠው ማሪቱን ለምኗታል፤ እስካሁን አልወሰነችም።

ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ኦቦ ኢቲቻ በረታቸው ውስጥ ተቀምጠው ጉራቲን ሲጠብቁ ዋሉ። በማግስቱም ጠበቁ። ላሟ ጸጥ ብላ ታመሰኳለች፤ ኮርማ አልፈለገችም። ይዛለች ማለት ነው። መያዟን ለማረጋገጥ በሁለተኛው ወር መጥቶ በእጅ የሚዳብስ ባለሙያ ያስፈልጋል። በዚያ መንገድ ላይ ላሉት በረቶች ሁሉ ይህን የምትሠራው ቤቴል ነበረች። ቤቴል የለችም።